ሳይቃጠል በቅጠል፦ ለጭነት መኪና ሞተር ቴስታታ አመራረጥ

(የዩኒየኑን የምስረታ በዓል ምክንያት በማድረግ በኡካ ከተማ ለመሠረታዊ ማኅበራት አባላት፣ ለግዥ ኮሚቴዎችና ለወረዳ ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች የቀረበ ንግግር)

እንደሚታወቀው በምስረታ በዓል መድረክ ላይ አዘውትሮ የሚነሳው የቡና ጥራት፣ የገበያ ዋጋና የትርፍ ክፍፍል ጉዳይ ነው። የዛሬው ርዕስ ግን አድማጩን ወደ ጋራዥ ይወስዳል። ቡናው ከገበሬው ጓሮ ተነስቶ ወደ መፈልፈያ ጣቢያ፣ ከዚያም ወደ መጋዘንና ወደ ገበያ የሚደርሰው በአመዛኙ በባለ አራት ሲሊንደር ቀላል የጭነት መኪና ነው። ሞተሩ ሲታመም የሚታመመው ሾፌሩ ወይም መካኒኩ ብቻ አይደለም፤ የአባሉ ኪስም አብሮ ይታመማል። ከሞተሩ ክፍሎች ደግሞ ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣውና በአመራረጡ ላይ ብዙ ስህተት የሚፈጸምበት ቴስታታው ነው።

1. ቡናና መጓጓዣ በኢሉባቦር

የኢሉባቦር ቡና የመጓጓዣ ታሪክ ረጅም ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት ቡናው በበቅሎና በሰው ሸክም ከጎሬ ቁልቁል ወደ ጋምቤላ ይወርድ ነበር። የባሮ ወንዝ በክረምት ሲሞላ በእንፋሎት መርከብ ተጭኖ ወደ ካርቱም ይጓዝ ነበር። ወንዙ ሲጎድል መርከቡም ይቆማል፤ ነጋዴውም የሚቀጥለውን ክረምት ይጠብቃል። ዛሬ ቡናው ወደ ምሥራቅ፣ በመቱና በበደሌ በኩል ወደ አዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። የወንዙን ሙላት መጠበቅ ቀርቷል። በምትኩ የመጣው ጥገኝነት በሞተር ላይ ነው።

ይህ ጥገኝነት የሚከብደው በለቀማ ወቅት ነው። እሸት ቡና በተለቀመበት ዕለት መፈልፈል ይኖርበታል። በጆንያ ውስጥ ካደረ ይሞቃል፣ መብላላት ይጀምራል፣ ደረጃውም ይወርዳል። ለማስላት ያህል፣ አንድ አይሱዙ በቀን 40 ኩንታል እሸት ወደ መፈልፈያ ያመላልሳል እንበል። ከስድስት ኪሎ እሸት አንድ ኪሎ ያህል ንጹህ ቡና ይገኛል ቢባል፣ መኪናው ለ12 የሥራ ቀናት ሲቆም የሚቀረው 480 ኩንታል እሸት ነው፤ ወደ ንጹህ ቡና ሲለወጥ 80 ኩንታል ያህል ማለት ነው። ሌላ መኪና በኪራይ ይገኝ ይሆናል፤ ነገር ግን በዚያ ወቅት የሁሉም መኪና ሥራ ስለሚበዛ የኪራዩ ዋጋ ይንራል። በመሆኑም ስለ ቴስታታ የሚወሰን ውሳኔ ከአንድ ብረት ዋጋ በላይ ይመዝናል።

በዚህ ላይ የመለዋወጫ ዋጋ መጨመር አለ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ በብር ሲተመን ዋጋው ከፍ ብሏል። ቀደም ሲል የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ደግሞ ያገለገለ ተሽከርካሪ በሚያስገባ ሰው ላይ ተጨማሪ ሸክም ጥሏል። መኪና መለወጥ ሲከብድ ያለውን መኪና አድሶ ማቆየት ግድ ይሆናል። ማደስ ግድ ከሆነ ደግሞ አስተካክሎ ማደስ ያዋጣል።

2. ቴስታታ ምን ይሠራል? ለምንስ ይበላሻል?

ቴስታታ በሞተሩ ብሎክ ላይ ተቀምጦ አራቱን ሲሊንደሮች ከላይ የሚከድን ከባድ ብረት ነው። ስሙ እንደ ጓርኒሲዮን፣ እንደ ካሚቻ፣ እንደ ፋሻና እንደ ብሮንዚን ከጣሊያንኛ የተወረሰ ነው። አየር የሚገባባቸውና ጭስ የሚወጣባቸው ቫልቮች፣ ናፍጣ የሚረጩት ኖዝሎች፣ የውሃና የዘይት መተላለፊያዎች ሁሉ በውስጡ ይገኛሉ። በበርካታ የአይሱዙ ሞተሮች ላይ ካምሻፍቱም የሚቀመጠው እዚያው ላይ ነው።

በአንድ ጎኑ የሚነደው ጋዝ ለቅጽበት ከ2,000 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። በጥቂት ሚሊ ሜትር ርቀት በሌላው ጎኑ የሚዞረው ውሃ 85 ወይም 90 ዲግሪ ነው። ውሃው በትክክል እስከዞረ ድረስ ብረቱ ይህን ልዩነት ይችለዋል። ውሃው ሲጎድል ወይም ሲፈላ ግን የመጀመሪያው ተጎጂ ቴስታታው ነው። መሃሉ ይለጠጣል፣ ጎኖቹ በብሎን ታስረው ይቀራሉ፣ በመጨረሻም ይጎብጣል ወይም በሁለቱ ቫልቮች መካከል ይሰነጠቃል።

ምልክቶቹን ብዙ ሾፌር ያውቃቸዋል፦ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ መታየት፣ ሞተሩ ገና ሳይሞቅ የውሃው ጎማ መወጠር፣ ነጭ ጭስ፣ ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና መምሰል። ነገር ግን እነዚህ ምልክቶች ቴስታታው ለመሰንጠቁ በራሳቸው ማረጋገጫ አይሆኑም። ጓርኒሲዮኑ ብቻ ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። ውሃና ዘይት የተቀላቀለው የዘይት ማቀዝቀዣው ተበስቶ ሊሆን ይችላል። ካሚቻው ወይም ብሎኩ ራሱ ተሰንጥቆም ሊሆን ይችላል። ሞተሩ ሳይፈታና ሳይፈተሽ “ቴስታታ ይገዛ” ብሎ መወሰን በሽታው ሳይታወቅ መድኃኒት እንደማዘዝ ይቆጠራል።

3. የአካባቢው መንገድና ከፍታ

አንድ ቴስታታ በጠፍጣፋ አገር ዓመታት ያገለግልና በኢሉባቦር መንገድ ላይ በአንድ ወቅት ሊያልቅ ይችላል። ጋምቤላ ከባህር ወለል 500 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ጎሬ ወደ 2,000 ሜትር ትጠጋለች። ከቆላው ሙቀት ተነስቶ ሙሉ ጭነት ይዞ ዳገቱን የሚወጣ መኪና ለረጅም ሰዓት በዝቅተኛ ማርሽ ይሠራል፤ ሞተሩ በኃይል እየነደደ ከፊት የሚገባለት ነፋስ ግን ትንሽ ነው።

ከፍታው ሁለት ተጨማሪ ነገሮች ያመጣል። አንደኛ፣ በ2,000 ሜትር ላይ ንጹህ ውሃ በክፍት ዕቃ ሲፈላ በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ካልያዘ ሞተሩ በተለመደው የሥራ ሙቀቱ ላይ እያለ ውሃው ይፈላል። ደህና ክዳን የሚፈላበትን ነጥብ ከ100 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ከዕቃዎች ሁሉ ርካሽ የሆነው ክዳን ውዱን ቴስታታ የሚጠብቀው በዚህ መንገድ ነው። ሁለተኛ፣ በዚያ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባህር ወለሉ በ20 በመቶ ያህል ያንሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚያገኘው አየር ያነሰ በመሆኑ ጉልበቱ ይቀንሳል። ጉልበት ለመጨመር ተብሎ የናፍጣ ፓምፑ ብሎን ሲከፈት ጥቁር ጭስ ይበዛል፣ የሚወጣው ጋዝ ሙቀትም ይጨምራል፤ የሚጎዱት ቫልቮቹና ቴስታታው ናቸው።

የውሃው ጉዳይም አለ። መንገድ ላይ ከወንዝ የተቀዳ ውሃ ጭቃና ጨው ያስገባል። ይህም በውሃ መተላለፊያው ውስጥ እየተጋገረ ሙቀቱ እንዳይወጣ ያግዳል። ኢሉባቦር በዝናብ የታደለ አካባቢ በመሆኑ ንጹህ የዝናብ ውሃ ማጠራቀም አያስቸግርም። ይሁን እንጂ የዝናብ ውሃም ብቻውን ብረት ያዝጋል። ዝገት የሚከላከለው የራዲያተር ፈሳሽ በተገቢው መጠን ሊጨመርበት ይገባል።

4. በቅድሚያ የሞተሩን ማንነት መለየት

በግዥ ላይ የሚታየው ትልቁ ስህተት “የአይሱዙ ቴስታታ” ተብሎ መጠየቁ ነው። አይሱዙ ኤንፒአር በሚል ስም የሚጠሩ መኪኖች በየዘመናቸው የተለያየ ሞተር ተገጥሞላቸዋል። 4ቢዲ1 የሲሊንደር ስፋቱ 102 ሚሊ ሜትር፣ ጠቅላላ መጠኑ 3,856 ሲሲ ነው። 4ኤችኤፍ1 ስፋቱ 112፣ መጠኑ 4,334 ሲሲ ነው። 4ኤችጂ1 ስፋቱ 115፣ መጠኑ 4,570 ሲሲ ነው። 4ኤችኬ1 ስፋቱ እንደ 4ኤችጂ1 115 ቢሆንም የፒስቶን ጉዞው 125 ሚሊ ሜትር ስለሆነ መጠኑ 5,193 ሲሲ ይደርሳል፤ በእያንዳንዱ ሲሊንደር አራት፣ በድምሩ 16 ቫልቮች አሉት።

4ኤችኤፍ1 እና 4ኤችጂ1 የሚቀራረቡ ሞተሮች ናቸው፤ የሁለቱም የፒስቶን ጉዞ 110 ሚሊ ሜትር ሲሆን ልዩነቱ ስፋታቸው ላይ ነው። ለዓይን ተመሳሳይ መስለው መታየታቸው አደጋ አለው። ለ112 የተሠራ ጓርኒሲዮን በ115 ሲሊንደር ላይ ቢታሰር ጠርዙ ወደ እሳቱ ስለሚገባ ብዙም ሳይቆይ ይቃጠላል። ከዚያ በኋላ ጥፋቱ በቴስታታው ላይ ይለጠፋል፤ ቴስታታው ግን ምንም አላጠፋም።

በመሆኑም ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው የሚከተሉትን ይዞ መሄድ ይኖርበታል፦
ሀ) ከመኪናው ስም ወይም ከሊብሬው ብቻ ያልተወሰደ፣ በሞተሩ ብሎክ ላይ ከተመታው ጽሑፍ የተቀዳ የሞተር ሞዴልና ቁጥር፤ ቀደም ሲል ሞተር የተለወጠለት መኪና ብዙ ነውና።
ለ) አሮጌውን ጓርኒሲዮን፤ የውሃና የዘይት ቀዳዳዎችን በአዲሱ ቴስታታ ላይ ጭኖ ለማነጻጸር ያገለግላል።
ሐ) በአሮጌው ቴስታታ ላይ ተቀርጾ የሚገኘውን ቁጥርና የሁሉንም ጎን ፎቶግራፍ።

5. አራቱ ምርጫዎች

የመጀመሪያው ምርጫ የራስን ቴስታታ ማሳደስ ነው። የተሰነጠቀ ካልሆነና ጉብጠቱ ከገደብ ካላለፈ ከሁሉም የሚመረጠው ይህ ነው። ብረቱ የፋብሪካው ነው፣ ከብሎኩ ጋር ለመግጠሙ ጥርጥር የለም፣ ወጪውም ያነሰ ነው። ቶርኖ ቤት ፊቱን ያስተካክላል፣ የቫልቭ መቀመጫዎችንና መሪዎችን ይለውጣል።

ሁለተኛው ያገለገለ ኦሪጅናል ቴስታታ መግዛት ነው። በአዲስ አበባ መርካቶ ለረጅም ዓመታት በመለዋወጫ ንግድ የታወቀው ሶማሌ ተራ የዚህ ዓይነት ዕቃ መገኛ ሆኖ ቆይቷል። ጥሩ ቴስታታ ከተገኘ ብዙ ያገለግላል። ችግሩ ታሪኩ አለመታወቁ ነው። አዲስ ቀለም የተቀባ፣ የብየዳ ወይም የሞላ ምልክት ያለበት፣ የተቀረጸው ቁጥር የተፋቀ፣ የውሃ ቀዳዳዎቹ ጠርዝ በዝገት የተበላ ከሆነ መተው ይሻላል። ከዚህ ሁሉ ነፃ ቢሆንም ሳይፈተሽ ገንዘብ ሊከፈልበት አይገባም።

ሦስተኛው ከዋናው አምራች ውጭ በሌሎች ፋብሪካዎች የተሠራ አዲስ ቴስታታ ነው። ከነዚህ መካከል በጥራት የተሠሩም፣ ገንዘብ የሚያባክኑም ይገኛሉ። ገዢው ማየት ያለበት ፊቱ ለስላሳና ጭረት የሌለበት መሆኑን፣ የብሎን ቀዳዳዎቹ በትክክል መገጣጠማቸውን፣ በውሃ መተላለፊያው ውስጥ የቀረ የቅርጽ አሸዋ አለመኖሩን፣ የቫልቭ መቀመጫዎቹ ከጠንካራ ብረት ተሠርተው የገቡ መሆናቸውን ነው። ከቫልቭና ከሞላ ጋር የሚሸጥ መሆን አለመሆኑም በፕሮፎርማው ላይ ተለይቶ ሊጻፍ ይገባል። ባዶ ቴስታታ በርካሽ ተገዝቶ ቫልቭ፣ ሞላ፣ መሪና ማኅተም ሲጨመርበት ከሙሉው የሚበልጥበት ጊዜ አለ።

አራተኛው ከአስመጪ ወኪል የሚገኝ አዲስ ኦሪጅናል ነው። ዋጋው ከሁሉም ይበልጣል። መኪናው ገና ብዙ ዓመት የሚያገለግልና የታችኛው የሞተሩ ክፍል ደህና ከሆነ ወጪውን ይመልሳል። ፒስቶኑ፣ ፋሻውና ካሚቻው ያለቁ ከሆነ ግን አዲስ ቴስታታ መግዛት በአሮጌ ሱሪ ላይ አዲስ እራፊ እንደመጣፍ ነው። ከላይ ቫልቮቹ በደንብ መዝጋት ሲጀምሩ የታችኛው ድካም ይበልጥ ይገለጣል፣ ሞተሩ ዘይት መብላቱን ይቀጥላል። በዚህ ጊዜ ሙሉ እድሳት ወይም ሙሉ ያገለገለ ሞተር ከቴስታታው ጋር በዋጋ ሊነጻጸር ይገባል።

ብየዳን እንደ አምስተኛ ምርጫ የሚያቀርቡ አሉ። ከጊዛ የተሠራ ቴስታታ በተለመደው ብየዳ ሲበየድ ከብየዳው ጎን ያለው ብረት ይደርቅና እዚያው አጠገብ እንደገና ይሰነጠቃል። ብረቱን ሙሉ በሙሉ አሙቆ፣ በልዩ ኤሌክትሮድ በይዶ፣ ቀስ ብሎ የሚያቀዘቅዝ ባለሙያ ከሌለ በቫልቮች መካከል ያለን ስንጥቅ ማስበየድ የለቀማውን ወቅት ለዕድል መስጠት ነው።

6. መለካትና መፈተሽ

በዚህ ጉዳይ በ“ይመስለኛል” መሄድ አይቻልም። አራት ፈተናዎች ይበቃሉ።

አንደኛው የጠፍጣፋነት ልኬት ነው። ፊቱ በደንብ ከተጸዳ በኋላ ትክክለኛ የብረት ማስመሪያ በርዝመቱ፣ በወርዱና በሁለቱም ሰያፍ ይጋደማል፤ በሥሩ ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች ያሉት መለኪያ ይገባል። በብዙ የዚህ ዓይነት የናፍጣ ሞተሮች መመሪያ 0.05 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ጤነኛ ሲሆን 0.20 ሲደርስ ገደቡ ነው። 0.20 ሚሊ ሜትር ሁለት ወረቀት ቢደራረብ የሚያህል ነው፤ በዓይን አይታይም።

ሁለተኛው የስንጥቅ ፍተሻ ነው። በቀይ ቀለም የሚሠራው ፍተሻ በቫልቮች መካከልና በኖዝል ቀዳዳ ዙሪያ የተደበቀ ስንጥቅን ያወጣል። ቀለሙ ይቀባል፣ ከቆየ በኋላ ይጠረጋል፣ ነጩ ዱቄት ሲረጭበት ስንጥቁ ቀይ መስመር ሆኖ ይታያል።

ሦስተኛው የግፊት ፍተሻ ነው። የውሃ ቀዳዳዎቹ ተደፍነው፣ አየር ተሞልቶበት፣ ቴስታታው በሙቅ ውሃ ውስጥ ይነከራል። አረፋ ከወጣ ስንጥቅ አለ። ውሃው መሞቁ አስፈላጊ ነው፤ ሲቀዘቅዝ የሚገጥምና ሲሞቅ የሚከፈት ስንጥቅ አለና። ያገለገለ ቴስታታ የሚገዛ ኮሚቴ ይህን ፍተሻ ከክፍያ በፊት ማስደረግ ይኖርበታል።

አራተኛው የቫልቭ ፍተሻ ነው። ቫልቮቹ ከተገጠሙ በኋላ በአየር ማስገቢያውና በጭስ ማውጫው ቀዳዳ ነጭ ጋዝ ይፈሳል። በቫልቩ ዙሪያ ወደ ታች የሚንጠባጠብ ከሆነ መቀመጫው አልተስተካከለም። ይህ ፈተና ምንም ማሽን ስለማይጠይቅ ኡካ ውስጥም ቢሆን ሊሠራ ይችላል።

እዚህ ላይ ስለ ማስላጨት አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ቶርኖ ቤት የቴስታታን ፊት በላጨ ቁጥር ቴስታታው ይቀጥናል። ቫልቮቹና ኖዝሎቹ ወደ ፒስቶኑ ይቀርባሉ። ካምሻፍቱ ቴስታታው ላይ ተቀምጦ በጥርስ በሚዞርበት ሞተር ደግሞ የጥርሶቹ መናከስም ይለወጣል። ስለዚህ ከመላጨቱ በፊትና በኋላ ውፍረቱ ተለክቶ በጽሑፍ ሊያዝ ይገባል። ቀደም ሲል የተላጨን ቴስታታ ደግሞ ማስላጨት ሞተሩን ከመጠገን ይልቅ የሚሰብርበት ጊዜ አለ።

7. ገጠማ፦ ጥሩ ቴስታታ በመጥፎ እጅ

በጥንቃቄ የተመረጠ ቴስታታ በአንድ ቀን ግድየለሽነት ሊበላሽ ይችላል። ፒስቶኑ ከብሎኩ ፊት ምን ያህል ከፍ እንደሚል ተለክቶ የጓርኒሲዮኑ ውፍረት በዚያው መሠረት ይመረጣል፤ ለዚህ ሲባል በአንዳንድ ሞተሮች ጓርኒሲዮኑ በተለያየ ውፍረት ይቀርባል። የብሎን ቀዳዳዎች ከዘይትና ከውሃ ይጸዳሉ፤ ታች ድፍን በሆነ ቀዳዳ ውስጥ ፈሳሽ ቀርቶ ብሎን ቢታሰር ብሎኩን ሊሰነጥቅ ይችላል። የተለጠጠ ብሎን እንደገና አይታሰርም። ማሰር የሚጀመረው ከመሃል ሆኖ ወደ ዳር ነው፤ በአንዴ ሳይሆን ደረጃ በደረጃ፣ በእጅ ግምት ሳይሆን በቶርክ ቁልፍ ነው። በመጨረሻም የቫልቭ ክፍተቱ ይስተካከላል፤ ከላይ በተጠቀሱት የአይሱዙ ሞተሮች ይህ ሞተሩ ቀዝቅዞ 0.40 ሚሊ ሜትር ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ አሮጌው ቴስታታ የተቃጠለበት ምክንያት ሳይታወቅ አዲሱ ሊገጠም አይገባም። ራዲያተሩ ተዘግቷል? የውሃ ፓምፑ ያፈሳል? የቬንቲሌተሩ ቺንጋ ላልቷል? ቴርሞስታቱ ወጥቶ ተጥሏል? ብዙ ጋራዦች ሞተር ሲሞቅ ቴርሞስታቱን ያወጣሉ። በአንዳንድ ሞተሮች ግን ቴርሞስታቱ ሲከፈት አቋራጩን የውሃ መንገድ ይዘጋል። እሱ ከሌለ ከፊሉ ሙቅ ውሃ ራዲያተሩን ሳይነካ ተመልሶ ይዞራል፤ መኪናውም ዳገት ላይ ከበፊቱ ይበልጥ ይሞቃል። መንስኤው እንዳለ ከሆነ ሁለተኛው ቴስታታም የመጀመሪያውን ተከትሎ ይሄዳል።

8. የግዥ ኮሚቴው ድርሻ

ኅብረት ሥራ ማኅበራት በአዋጅ ቁጥር 147/1991፣ በኋላም እሱን በተካው አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት ሒሳባቸው ይመረመራል። የሒሳብ መርማሪ የሚያየው ደረሰኙን ነው። ደረሰኙ ግን “ቴስታታ 1” ከማለት ያለፈ አይናገርም። ኦሪጅናል ይሁን ሌላ፣ አዲስ ይሁን ያገለገለ፣ ባዶ ይሁን ሙሉ አይታወቅም። በአባላት ዘንድ ቅሬታ የሚበቅለው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው። ገዢው ንጹህ ሰው ቢሆን እንኳን ንጽሕናውን የሚያሳይበት ወረቀት የለውም። ስለሆነም ጥሩ አሠራር አባሉን ብቻ ሳይሆን ለግዥ የተላከውንም ሰው ይጠብቀዋል።

መካኒኩ ብቻውን ቢላክ ዋጋ የሚያነጻጽር የለም። ኮሚቴው ያለ መካኒክ ቢሄድ ደግሞ ዕቃውን የሚያውቅ የለም። ሁለቱ አብረው ሊሄዱ ይገባል። የሚከተሉት ነጥቦችም በቃለ ጉባኤ ቢያዙ ይጠቅማል፦
ሀ) ሞተሩ ተፈቶ የተገኘው ብልሽትና የልኬቱ ውጤት በመካኒኩ ፊርማ፤
ለ) የራስን ቴስታታ የማሳደስ፣ ያገለገለ የመግዛትና አዲስ የመግዛት ዋጋ በሦስት ፕሮፎርማ፣ እያንዳንዱ ሙሉ ወይም ባዶ መሆኑ ተገልጾ፤
ሐ) የግፊት ፍተሻ ውጤትና ሻጩ በጽሑፍ የሰጠው የመመለሻ ጊዜ፤
መ) የዕቃውን ሞዴልና ቁጥር የሚገልጽ ሕጋዊ ደረሰኝ፤
ሠ) አሮጌው ቴስታታ ወደ ንብረት ክፍል ተመልሶ ገቢ መደረጉ።

የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የወረደው ቴስታታ የማኅበሩ ንብረት ነው። በንብረት ክፍል መኖሩም በእርግጥ መለወጡን የሚመሰክር ማስረጃ ነው።

ጊዜውም ሊታሰብበት ይገባል። ትልቅ እድሳት የሚሠራው ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ መኪናው ሥራ በሚቀንስበት ክረምት ቢሆን ሦስት ፕሮፎርማ ለማሰባሰብና ፍተሻ ለማስደረግ ጊዜ ይገኛል። በጥቅምት፣ እሸቱ ጆንያ ውስጥ እየሞቀ የሚገዛ ቴስታታ ግን በሻጩ ዋጋና በሻጩ ቃል የሚገዛ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ።

9. ማጠቃለያ

ክቡራን አድማጮች፣

የጽሑፉ ፍሬ ነገር በአጭሩ እንዲህ ነው። በቅድሚያ ሞተሩ ይፈታ፣ መንስኤው ይታወቅ። የራስ ቴስታታ ደህና ከሆነ ይታደስ። ካልሆነ የሞተሩ ሞዴል ከብሎኩ ላይ ተነብቦ፣ የታችኛው ክፍል ጤንነት ተመዝኖ፣ ከቀሩት ምርጫዎች አንዱ ይወሰን። ያልተፈተሸ ቴስታታ አይገዛ፤ ያልተለካ አይገጠም።

ለዚህ የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች፣ ማለትም የብረት ማስመሪያ፣ የክፍተት መለኪያ፣ የቶርክ ቁልፍና የቀለም መፈተሻ፣ አንድ መሠረታዊ ማኅበር ብቻውን ሊገዛቸው ቢከብደው በዩኒየኑ ደረጃ አንድ ጊዜ ተገዝተው ለሁሉም ሊያገለግሉ ይችላሉ። የአካባቢው የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ሾፌሮችንና መካኒኮችን በአጭር ሥልጠና እንዲረዱ የወረዳና የዞን ኃላፊዎች ቢያመቻቹ ወጪው ጥቂት፣ ጥቅሙ ግን ሰፊ ነው። በየመኪናው የሙቀትና የውሃ መዝገብ ቢያዝ፣ ሾፌሩም የሙቀት መለኪያው ከፍ ሲል ጭነት እንኳ ቢዘገይ እንዲቆም በግልጽ ቢፈቀድለት፣ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ እንዳይጨምር ቢታዘዝ፣ ከሚሰነጠቁት ቴስታታዎች ብዙዎቹ ባልተሰነጠቁ ነበር። መድረስ ስላለበት ጭነት የሚወቀስ ሾፌር መለኪያውን እያየ ይነዳል፤ እንዲቆም የተፈቀደለት ሾፌር ግን የማኅበሩን ሞተር ያድናል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው ብሂል በኅብረት ሥራ መድረክ ሁሉ ይነገራል። ድሩ የሚያብረው በትልቁ ጉባኤ ብቻ አይደለም። አንድ መካኒክ የለካውን በታማኝነት ሲጽፍ፣ አንድ ኮሚቴ የገዛውን በግልጽ ሲያሳይ፣ አንድ ሾፌር የሞቀ ሞተር ሲያቆምም ድሩ ያብራል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለትም ይኸው ነው።

መልካም የምስረታ በዓል!